ኤል ፓሶን «የሜክሲኮ ከተማ» ላላችሁ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ንባቡ ግን አይደለም

ሰሞኑን ስለ ኤል ፓሶ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል። እኔም ጋ ደርሷል። የላኩልኝ ሁሉ «አንተ እዚያ አይደል የምትኖረው? እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ አስከትለው ነው የላኩት። ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ከመመለስ አንዴ ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ጽሑፉን ላላያችሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ሐሳቡ ይሄ ነው። ኤል ፓሶ በቴክሳስ ምዕራብ ጫፍ ያለች፣ ከሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ በአንድ ወንዝ ብቻ የተለየች ከተማ ናት። ከነዋሪዋ ከመቶ ሰማንያ በላይ ሂስፓኒክ ስለሆነ፣ በካርታ አሜሪካ ብትሆንም ተሻግሮ የመጣ ሰው የሞላባት የሜክሲኮ ከተማ ናት። ባህሏ አንድ ወጥ ነው፣ ለሌላው ቦታ የላትም። ዩኒቨርሲቲዋ (ሁላችንም ዩቴፕ የምንለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኤል ፓሶ) ጠዋት በድልድይ ገብተው ማታ ለሚመለሱ ልጆች የቆመ ነው፣ ዲግሪውም ክብደት የለውም። ድንበር ላይ ስላለች አደገኛ ናት። ስፓኒሽ የማይችል ሰው ሥራ አያገኝም። ስለዚህ ሐበሻ ራሱም አይሂድ፣ ልጁንም አይላክ።

ጸሐፊውን አላውቀውም። በክፋት የጻፈው አልመሰለኝም፣ ለወገን አስቦ ነው። ግን አስቦ መሳሳትም አለ። አንድ በአንድ ልመልስ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቁጥሩ ልጀምር። ቁጥሩ ልክ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ኤል ፓሶ 678,815 ሰው ነበራት፣ ከዚያ ውስጥ ከመቶ 81 ገደማው ሂስፓኒክ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን ከቁጥሩ ቀጥሎ የመጣችው «ስለዚህ» ላይ ነው። ሂስፓኒክ የሚለው የቆጠራ ምድብ ሰውየው መቼ እንደመጣ፣ የየት አገር ዜጋ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ አይነግርህም። አምና የገባውም፣ ቅድመ አያቱ እዚሁ የተቀበሩበትም ምልክት የሚያደርጉት አንድ ሳጥን ላይ ነው። ከከተማዋ ነዋሪ ውስጥ ውጭ አገር የተወለደው ከአራት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ጽሑፉ «ተሻግረው መጡ» ብሎ በጅምላ ከፈረጃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አልተሻገሩም ማለት ነው። እዚሁ አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ ናቸው።

እንደው ለነገሩ ማን ነው የተሻገረው? ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድበት። ዛሬ ሁዋሬዝ በምንላት ከተማ መሃል ያለው የጓዳሉፔ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመው በ1659 ነው። በ1680 በሰሜን በኩል፣ ዛሬ ኒው ሜክሲኮ በሆነው ምድር፣ የፑዌብሎ ሕዝቦች በስፔን ላይ ሲነሱ ብዙ ሰው ወደ ደቡብ ወረደ። ከነሱ ውስጥ ቲግዋ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በ1682 ኢስሌታ ላይ ሰፈሩ። ኢስሌታ ዛሬ የኤል ፓሶ አንድ ሰፈር ናት። ቲግዋዎቹም ዛሬ ድረስ አሉ፣ ሚሲዮናቸውም አለ። ያኔ ቴክሳስ የምትባል ግዛት ቀርቶ አሜሪካ የምትባል አገር አልነበረችም። ኢስሌታ እንዲያውም ከወንዙ በስተደቡብ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ሪዮ ግራንዴ ሞልቶ መንገዱን ቀየረና መንደሯ ሳትነቃነቅ በሰሜን ቀረች። በ1848 አሜሪካና ሜክሲኮ ጦርነታቸውን በውል ሲዘጉ ደግሞ ያው ወንዝ ድንበር ተባለ። ሰዎቹ ቤታቸው ቁጭ ብለው አገር ተቀየረባቸው።

በብዛት የመጣው እንግዳ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ነው። በ1880 ቆጠራ ኤል ፓሶ 736 ሰው ብቻ ነበራት። በ1881 ባቡር ደረሰ። በ1890 ከ10 ሺህ አለፈች። ነጋዴው፣ ጠበቃው፣ ቁማርተኛው፣ የባንክ ሰው፣ ሁሉም በባቡር ነው የገባው። ከዚያ በ1910 የሜክሲኮ አብዮት ሲነሳ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከደቡብ ሸሽቶ መጣ፣ ደሃውም ባለጠጋውም። በ1911 ሁዋሬዝ ላይ ውጊያ ሲደረግ የኤል ፓሶ ሰው ጣሪያ ላይና ባቡር ፉርጎ ላይ ወጥቶ እንደ ትርዒት ያይ ነበር። በ1920 ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ነበር። ጽሑፉ የቅርብ ጊዜ ወረራ አስመስሎ ያቀረበው ነገር ቢያንስ የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው።

ድንበሩ ራሱ ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ ለማየት ቻሚዛል የሚባለውን መሬት ማንሳት ይበቃል። ወንዙ በ1860ዎቹ እንደገና ወደ ደቡብ ሸሸና የሜክሲኮ የነበረ መሬት በአሜሪካ በኩል ቀረ። ሁለቱ መንግሥታት መቶ ዓመት ያህል ተጨቃጨቁበት። በመጨረሻ በ1963 ተፈራረሙ፣ መሬቱ ተመለሰ፣ ወንዙም ዳግም እንዳይሄድ በኮንክሪት ቦይ ታሰረ። በመሃል ከአምስት ሺህ በላይ የኤል ፓሶ ነዋሪ ቤቱን ለቆ እንዲነሳ ተደረገ። ዛሬ በድልድዩ ስትሄዱ ቁልቁል የምታዩት ግራጫ ቦይ ያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ እንኳ የለበትም። ዓባይን እያሰበ የሚመጣ ሰው «ይሄ ነው ሪዮ ግራንዴ?» ብሎ ይስቃል። እንዲህ ባለ ቦታ «እነዚህ የዚህ አገር ናቸው፣ እነዚያ የዚያ» የሚል ክርክር በሁለት መስመር አያልቅም።

ሁለተኛው ነጥብ ባህሏ አንድ ወጥ ነው የሚለው ነው። ሚዛኑን የሚደፋው የሜክሲኮ አሜሪካዊው ባህል መሆኑን አልክድም። እሑድ ጠዋት ሜኑዶ የሚባለው የጨጓራ ሾርባ የሚበላበት ቤት ቦታ አይገኝም፣ ሙዚቃውም ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕልም ይናገራል። ግን «ሚዛን የሚደፋ» እና «ሌላ የለም» ይለያያሉ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። እሷም እንደ ኤል ፓሶ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፣ ሙቀቷም ከፍታዋም ሳይቀር ይቀራረባል፣ ባቡሩ ደግሞ የትም ይሁን የት አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ጭኖ አይመጣም።

ኤል ፓሶ ባቡሩ መጀመሪያ ያመጣው ቻይናውያን ሠራተኞችን ነው፣ ሐዲዱን ዘርግተው ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ፣ የራሳቸው ሰፈርም ነበራቸው። ከዚያ ሶሪያና ሊባኖሶች መጡ፣ አንዳንዶቹም በሜክሲኮ በኩል ዞረው። ዛሬ የአንጾኪያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ከነሱ መካከል የፋራህ ቤተሰብ በ1920 የጀመረው የልብስ ስፌት ሥራ አድጎ በመላው አሜሪካ ሱሪ የሚሸጥ ፋብሪካ ሆነ። በ1972 አራት ሺህ ገደማ ሠራተኞች ሥራ አቆሙበት፣ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ናቸው። ሁለት ዓመት ያህል ታግለው ማኅበራቸውን አስከበሩ። እስቲ አስቡት፦ ባለቤቶቹ ከሊባኖስ የመጡ፣ ስፌተኞቹ ሜክሲኮ አሜሪካውያን፣ ከተማው ቴክሳስ። ይሄን «አንድ ወጥ» ማለት ይከብዳል።

ጥቁር አሜሪካውያንስ? ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ግን ዶክተር ሎውረንስ ኒክሰንን ሳያነሱ ስለ ኤል ፓሶ መጻፍ አይቻልም። እዚሁ ክሊኒክ የነበረው ጥቁር ሐኪም ነው። ቴክሳስ ጥቁር ሰው በዴሞክራቶች የቅድሚያ ምርጫ (የፓርቲው እጩ በሚለይበት) እንዳይመርጥ በሕግ ከልክላ ነበር። በ1924 ሊመርጥ ሄደና መለሱት። ከሰሰ። በ1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ግዛቲቱ ሌላ ዘዴ አመጣችበት፣ በ1932 ደግሞ አሸነፈ፣ እንደገናም ሌላ ዘዴ። በመጨረሻ ድምፁን የሰጠው በ1944 ነው። ሃያ ዓመት። ይሄ ሰው ያቆየው ነገር የከተማዋ ባህል ካልሆነ ባህል ምን እንደሆነ ንገሩኝ።

ፎርት ብሊስንም ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም፣ ይሄ የገረመኝ ነገር ነው። ግዛቱ ከሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት የሚሰፋ የጦር ሰፈር ከከተማዋ ጎን ተቀምጦ እንዴት አይታይም? ወታደር ከሃምሳውም ግዛት ይመጣል፣ ኮሪያዊት ሚስት ይዞ፣ ጀርመን ያገባትን ይዞ፣ ከናይጄሪያ ወይም ከጃማይካ ወይም ከአዲስ አበባ መጥቶ ዩኒፎርም የለበሰም አለ። የጀርመን አየር ኃይል ለብዙ አሥርት ዓመታት እዚህ ትምህርት ቤት ነበረው። ከዚያም በፊት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመናዊው የሮኬት መሐንዲስ ቬርነር ፎን ብራውንና ጓደኞቹ የኖሩት እዚሁ ነው፣ እስከ 1950 ድረስ። በ1947 እነሱ ያስወነጨፉት አንድ ሮኬት አቅጣጫ ስቶ ድንበር ተሻግሮ ሁዋሬዝ መቃብር ስፍራ አጠገብ ወድቋል። ሰው አልተጎዳም። ሕገ ወጥ ስደት ከተባለ እሱም ይቆጠር።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ካለብኝ ይቅርታ።

የጽሑፉ ክርክር ሁለት ነው፦ ዩቴፕ ተሻግረው ለሚመጡ ልጆች የቆመ ነው፣ ዲግሪውም አይረባም። መጀመሪያ ማን እንደሚማርበት እንይ። ከሃያ ሺህ በላይ ተማሪ አለው፣ ከመቶ ሰማንያ በላዩ ሂስፓኒክ ነው፣ ያው የከተማዋን መልክ ነው የያዘው። አብዛኛው የኤል ፓሶ ካውንቲ ልጅ ነው። ግማሽ ያህሉ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያው ነው። ከሁዋሬዝ የሚመላለሱም አሉ፣ አልክድም፣ ከጠቅላላው ግን ጥቂት ናቸው። የቴክሳስ ሕግ የገንዘብ ችግር እንዳለበት ላስመሰከረ የሜክሲኮ ዜጋ በድንበር አካባቢ ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ግዛቱ ነዋሪ እንዲከፍል ይፈቅድለታል። ጽሑፉ ይሄን የዩኒቨርሲቲው ተንኮል አስመስሎታል። ዩኒቨርሲቲው ያወጣው ሕግ አይደለም፣ ሕግ አውጪው የግዛቱ ዋና ከተማ ኦስቲን ነው ያለው።

ተመላላሽ ልጆቹን ደግሞ ሄዶ ማየት ነው። ገና ሳይነጋ የፓሶ ዴል ኖርቴ ድልድይ ላይ በእግር የሚሻገሩት ይሰለፋሉ። ሳንቲም ከፍለው በመዞሪያው በር ያልፋሉ፣ ከዚያ ሰልፉ ነው። ቦርሳ በጀርባ፣ ፓስፖርትና የተማሪ መታወቂያ በአንድ እጅ፣ ስልክ በሌላው። አንዷ የካልኩለስ ወረቀት በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥግ ላይ ትሠራለች። አንዱ ቡሪቶ ይበላል። የጉምሩኩ ሰው «ወዴት?» ሲል «ትምህርት ቤት»። አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ነው፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት፣ ፈተና ቀንም ቢሆን ኬላው አይጠብቅህም። ይሄን በየቀኑ የሚያደርግ ልጅ ትምህርት አልወደደም ብላችሁ ማን ያምናችኋል? እንዲያውም ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ አሜሪካ የተወለዱ አሜሪካውያን ናቸው። ሁዋሬዝ የሚያድሩት ኪራይ ስለሚረክስ ወይም እናታቸው እዚያ ስላለች ነው። ድንበር ተሻጋሪ ሁሉ የውጭ ዜጋ ነው ብሎ ማሰብ እዚህ አገር ያልኖረ ሰው ሐሳብ ነው።

ወደ ዲግሪው ልምጣ። ዩቴፕ በ1914 የማዕድን ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የተከፈተው። በ2019 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ምደባ ከፍተኛ ምርምር ከሚያደርጉት ረድፍ ገባ፣ አር ዋን የሚባለው ውስጥ። እዚያ የደረሰው የመግቢያ በሩን አጥብቦ አይደለም፤ የሚያመለክተውን የአካባቢ ልጅ አብዛኛውን እየተቀበለ ነው። ከ1988 እስከ 2019 ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳያና ናታሊሲዮ ሠላሳ ዓመት የተከራከሩት ለዚህ ነበር፦ ደሃውን ልጅ መቀበልና ጥሩ ምርምር መሥራት አይጣሉም ብለው። ጽሑፉ ስለ ክብደት ሲያወራ ይሄን አልጠቀሰም። ከተማዋ ውስጥ በ2009 የተከፈተ የሕክምና ትምህርት ቤትም አለ፣ የቴክሳስ ቴክ፣ እሱንም አልጠቀሰም።

ካምፓሱን አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ቢያይ ኖሮ ሕንፃዎቹን ሳያነሳ አያልፍም ነበር። የቡታን ናቸው! ግድግዳቸው ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፣ ጣሪያቸው እንደ ባርኔጣ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከላይ በኩል ቀይ የጡብ መቀነት ታጥቀዋል። የመጀመሪያው ዲን ሚስት ካትሊን ዎረል በ1914 ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ የሂማላያዋን ቡታን ፎቶዎች አይታ፣ የኛን ተራሮች ይመስላል ብላ ነው ሐሳቡን ያመጣችው። በ1916 የድሮው ሕንፃ ሲቃጠል ዕድሉ ተገኘና በዚያው መንገድ ተሠራ። ዛሬም አዲስ ሕንፃ ሲገነባ ያንኑ ይከተላል፣ ከቡታንም ተማሪዎች ይመጣሉ። የሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ በቡታን ሕንፃ የሚማር የቲግዋ ልጅ። አንድ ወጥ ነው ያለው ማን ነበር?

የስፖርቱም ታሪክ ቀላል አይደለም። በ1955 ይሄ ኮሌጅ (ያኔ ስሙ ቴክሳስ ዌስተርን ነው) ቴልማ ዋይት የምትባል ጥቁር ተማሪ በመክሰሷ አሥራ ሁለት ጥቁር ተማሪዎችን ተቀበለ። እሷ ግን እስኪፈረድላት ጎረቤት ኒው ሜክሲኮ ገብታ ትምህርቷን ጀምራ ነበርና እዚያው ቀረች። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ መጋቢት 1966፣ የዚሁ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን አምስት ጥቁር ተጫዋቾች አሰልፎ ተጫዋቾቹ ሁሉ ነጭ የነበሩትን የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን 72 ለ65 አሸንፎ የአሜሪካን ዋንጫ ወሰደ። ጨዋታው የት ነበር? ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብላችሁ ያን ጽሑፍ ያካፈላችሁ ሁሉ፣ አዳራሹ ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም።

ለኛ የሚቀርበው ግን ሩጫው ነው። በ1970ዎቹ ዩቴፕ ከምሥራቅ አፍሪካ ሯጮችን እያመጣ የአገር አቋራጭ ዋንጫውን ደጋግሞ ይወስድ ነበር። ከነሱ አንዱ ታንዛንያዊው ሱሌማን ንያምቡዊ ነው። ስሙን የት እንደሰማችሁት ልንገራችሁ። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር በ5000 ሜትር ወርቁን ሲወስድ ሁለተኛ የገባው እሱ ነበር። ማለትም ማርሽ ቀያሪው ያን ቀን በመጨረሻው ዙር የቀደመው የኤል ፓሶ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። «ለአፍሪካዊ ቦታ የላትም» ከማለት በፊት ይሄን ማወቅ ደግ ነው።

አደገኛ ናት የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ውሃ የሚያነሳ ነገር የለውም። በ2010 ሁዋሬዝ ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ተገደለ። እውነት ነው፣ ዘግናኝ ነበር። በዚያው ዓመት ከወንዙ ወዲህ ባለችው ኤል ፓሶ የተገደለው አምስት ሰው ነው። አምስት። ለተከታታይ ዓመታት ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ዝቅተኛ ወንጀል ካላቸው ስትመደብ ኖራለች። ከተማዋን የሰበረው ትልቁ ጥቃት የደረሰው ነሐሴ 3 ቀን 2019 ነው። አንድ ሰው ዋልማርት ገብቶ ሃያ ሦስት ሰው ገደለ። ሰውየው ከድንበር ማዶ አልመጣም። ከዳላስ አካባቢ ከአሥር ሰዓት በላይ ነድቶ ነው የመጣው፣ ሂስፓኒኮችን ፈልጎ፣ «ወረሩን» የሚል ጽሑፍ ትቶ። ወንድሜ፣ ከተማዋን በሰው ዘር ቆጥረህ «ተሻግረው ሞሏት» ስትል የማንን ሐሳብ እየደገምክ እንደሆነ ቆም ብለህ እይ። ክፉ አስበህ ነው አላልኩም። ቃሉ ግን የት እንደዋለ ይታወቃል።

ስፓኒሽ ካልቻልክ ሥራ የለም የሚለውስ? ግማሹን እቀበላለሁ። ከነዋሪው ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ቤቱ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፣ ያ ቋንቋ ስፓኒሽ ነው። ሱቅ ውስጥ፣ ሆስፒታል እንግዳ መቀበያ፣ ሽያጭ፣ እነዚህ ላይ ስፓኒሽ የሚችል ይቀድምሃል። ጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ጭነት መኪና መንዳት ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትሠራለህ። ደግሞም ቋንቋው አይዘጋብህም። ሰው ግማሽ ስፓኒሽ ግማሽ እንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፣ ሦስተኛው ትውልድ ልጅ ስፓኒሹን ከአያቱ ጋር ሲያወራ እንደኛ ልጆች አማርኛ ይደነቃቀፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሦስት ቋንቋ ሰምቶ ያደገ ሰው እዚህ በአንድ ዓመት ገበያ የሚያስወጣ ስፓኒሽ ይይዛል።

አሁን ጽሑፉ ያልጻፈው፣ ቢጽፈው ግን ልክ ይሆን የነበረውን እኔ ልጻፍለት። ደሞዝ ዝቅተኛ ነው። የቤተሰብ ገቢ ከቴክሳስ አማካይ በጉልህ ያንሳል፣ ከአምስት ሰው አንድ ያህሉ በድህነት መስመር ሥር ነው። ኪራይ ከዳላስ ይረክሳል፣ ግን ልዩነቱ ደሞዙን አይክስም። ከዩቴፕ በኢንጂነሪንግ የሚመረቁ ልጆች ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ዳላስ፣ ኦስቲን ወይም ፊኒክስ ይሄዳሉ፣ ከተማዋም ይሄን ታውቃለች፣ ያማታል። ርቀቱም አለ፦ የቴክሳስ ከተማ ትባል እንጂ ሰዓቷ እንኳ ከዳላስ በአንድ ሰዓት ይለያል፣ ሂውስተን መንዳት አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ሐበሻውም ጥቂት ነው። ይሄን መደበቅ አልፈልግም። እንደ ዳላስ ወይም እንደ ቨርጂኒያ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ ዕቁብ በየሰፈሩ አታገኝም። እንጀራ ራስህ ትጋግራለህ ወይም ከሌላ ከተማ ታስልካለህ፣ ጤፉን ማድረቅ በሚወደው በዚህ አየር እርሾው እንኳ ጠባዩን ይቀይራል። ቡና ላይ የሚጠሩህ ጎረቤቶች ከመኖራቸው በፊት ከወታደር ቤተሰብ፣ ከተማሪ፣ ከነርስ አንድ ሁለት ሰው መፈለግ ይኖርብሃል። ብቸኝነት የሚከብደው ሰው ይሄን አውቆ ይምጣ።

አንድ ነገር ግን ጽሑፉ ሳያውቀው ነክቶታል። ለብዙ ሐበሻ ኤል ፓሶ ማለት የከተማ ስም ሳይሆን የስደተኛ ማቆያ ስም ነው። ከብራዚል ተነስቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግር አቋርጦ፣ ሜክሲኮን አልፎ የመጣ ልጅ የአሜሪካን መሬት መጀመሪያ የረገጠው እዚህ ሊሆን ይችላል። የሚያስታውሳትም በግንብና በብርድ ልብስ ነው። ያ ልጅ ሲፈታ ማን ነው ሾርባ ሰጥቶ፣ ስልክ አስደውሎ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ ወደ ሲያትል የላከው? አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ «ለሌላ ቦታ የላቸውም» የተባሉት ሰዎች ናቸው። ከ1978 ጀምሮ መጠለያ የሚሰጠው አነንሲዬሽን ሃውስ የቆመው በከተማው በጎ ፈቃደኞች ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ የደብር እናቶች፣ የዩቴፕ ተማሪዎች። አማርኛ አይችሉም፣ ግን በስልክ የሚተረጉም ሰው ፈልገው ያገኛሉ። እኔንም ሌሊት ደውለውልኝ ያውቃሉ።

እንግዲህ ጸሐፊው ጽሑፉን የሚያርመው ከሆነ የሕዝቡን ቁጥር እንዳለ ይተወው፣ ልክ ነው። «ተሻግረው መጡ» የምትለዋን ያውጣት። የዩኒቨርሲቲውን አንቀጽ ሙሉ ለሙሉ ይቀይረው። የደህንነቱንም እንዲሁ። ስለ ደሞዝ ግን እሱ ያልጻፈውን አንድ አንቀጽ ይጨምርበት፣ ከፈለገ የኔን ይውሰድ፤ ልጁን ወደዚህ ሊልክ የሚያስብ ወላጅ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት እሱን ነው።